ለፔሳሕ፦ ሳይጻፍ የቀረው ግማሽ ዓረፍተ ነገር

ወዳጆቻችን፣ እንኳን ለፔሳሕ፣ ለቂጣው በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ዛሬ ማታ ከግብፅ የመውጣቱ ታሪክ ሲነበብ፣ ከሊትዌኒያ እስከ ሻንጋይ የተደረገውንም መውጣት እናንሳ።

እ.ኤ.አ. በ1939 ጀርመን ፖላንድን ስትወር ብዙ አይሁድ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሊትዌኒያ ሸሹ። በ1940 ሶቪየት አገሪቱን ስትይዝ በሊትዌኒያ ከተማ በካውናስ ያሉ ቆንስላዎች እንዲዘጉ ታዘዙ። የቀረው መንገድ በሳይቤሪያ በኩል ወደ ጃፓን ነበር። ጭንቁ ወረቀቱ ነው። ጃፓን መሸጋገሪያ ቪዛ የምትሰጠው የመጨረሻ መድረሻ አገር ላለው ብቻ ነው፤ ያለ መሸጋገሪያው ደግሞ የሶቪየት መውጫ ፈቃድ አይገኝም። አንዱ ከጎደለ ሌላው ከንቱ ነው።

መድረሻውን ያስገኙት በካውናስ የፊሊፕስ ኩባንያ ወኪልና የኔዘርላንድ ቆንስል የነበሩት ያን ዝዋርተንዳይክ ናቸው። ደንቡ እንዲህ ይል ነበር፦ ኔዘርላንድ በካሪቢያን ባሕር ወደምትገዛት ደሴት ወደ ኩራሳዎ ለመግባት ቪዛ አያስፈልግም፤ የደሴቲቱ ገዢ ፈቃድ ግን ያስፈልጋል። በላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ የነበሩት የኔዘርላንድ አምባሳደር ደ ዴከር ሁለተኛውን ግማሽ ትተው ጻፉ። ዝዋርተንዳይክም ያንኑ እየገለበጡ በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ከ2,000 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች ሰጡ። ገዢው በተግባር ፈቃድ የሚሰጡት ከስንት አንዴ ስለነበር፣ ያ ግማሽ ቢጻፍ ኖሮ ወረቀቱ ዋጋ አይኖረውም ነበር።

የጃፓኑ ምክትል ቆንስል ቺዩኔ ሱጊሃራ በዚያ ላይ የአገራቸውን ቪዛ በእጃቸው እየጻፉ ጨመሩበት። መዝገባቸው ላይ 2,140 ያህል ስም አለ፤ አንድ ቪዛ ሚስትንና ልጆችን ስለሚያሻግር የወጣው ሰው ከዚያ ይበልጣል።

ከዚያ በኋላም ቀላል አልነበረም። የባቡሩ ትኬት በአሜሪካ ዶላር ይከፈል ነበር፤ ዶላር ይዞ መገኘት ግን ያስቀጣል። ከሞስኮ ቭላዲቮስቶክ አሥር ቀን ያህል በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ጃፓኑ ወደብ ጹሩጋ፣ ቀጥሎ ወደ ኮቤ ከተማ። ስለ ኩራሳዎ የሚናገረው ጽሑፍ የሌላቸው ከወደቡ የተመለሱበት ጊዜም አለ። በ1941 መኸር፣ መግቢያ አገር ያጡት ወደ 1,000 የሚጠጉት ጃፓን ወደያዘቻት የቻይና ከተማ ወደ ሻንጋይ ተላኩ። በ1943 ጃፓኖች ሆንግኪው በሚባል ጠባብ ሰፈር እንዲታጎሩ አዘዙ፤ የፈላ ውኃ እንኳ ከመንገድ ዳር ሱቅ ይገዛ ነበር።

ሱጊሃራን ዓለም ያውቃቸዋል። ዝዋርተንዳይክ ግን በ1976 አረፉ፤ ያድ ቫሼም፣ የእስራኤሉ የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም፣ ያከበራቸው በ1997 ነው። ዛሬ ማታ ቂጣው ሲቆረስ ስማቸውን አንሡልን። መልካም በዓል!