ሞክሼዎቹ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ላለ አንድ ብሎኬት ማምረቻ የትዕዛዝ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ሠራሁ። ስቶር ኪፐሩ ጠዋት ከፍተው የዕለቱን ደንበኞች ከነትዕዛዛቸው ያያሉ፤ አይሱዙዎቹም በዚያ ይጫናሉ። እኔ ስሞክረው እንከን አልነበረውም። (የሞከርኩት በአንድ ደንበኛ ብቻ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።)

ሥራ በጀመረበት ቀን፣ ገና 1 ሰዓት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ትናንት 8 ሰው መዝግበናል። ይሄ ነገርህ ሁለት ብቻ ነው የሚያሳየኝ። ሌሎቹን ማን በላቸው?»

«ጋሼ፣ እስቲ እንደገና ይክፈቱት» አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

«ሦስቴ ከፈትኩት እኮ! ሹፌሮቹ ቆመው ይጠብቃሉ።»

ከቃሊቲ ታክሲ ያዝኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ስለነበር ላፕቶፔን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። የታዩት አንደኛውና አምስተኛው ደንበኛ ናቸው። ለምን እነሱ?

የደንበኞች ዝርዝር አለ፤ በእያንዳንዱ ደንበኛ ውስጥ ደግሞ የትዕዛዞቹ ዝርዝር። ስለዚህ ሉፕ (ያንኑ ሥራ በዝርዝሩ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ የሚደጋግም ኮድ) በሉፕ ውስጥ ጻፍኩ። የውጭውን ቆጣሪ፣ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ የሚይዘውን፣ «አይ» አልኩት። የውስጡንም «አይ»። ኮፒ ፔስት ነዋ! ሁለቱም በ«ቫር»፣ ለቆጣሪ ስም ማውጫ በሆነው ቃል፣ የተጻፉ ናቸው። ድረ ገጹን በጻፍኩበት ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት፣ «ቫር»ን የሉፕ ቅንፍ አያግደውም፤ በአንድ ፈንክሽን (አንድ ሥራ በሚሠራ የኮድ ክፍል) ውስጥ ሁለቱ «አይ» አንድ ናቸው።

የመጀመሪያው ደንበኛ 3 ትዕዛዝ ነበረው። የውስጡ ሉፕ ሲጨርስ ቆጣሪው 3 ላይ ቆመ። የውጭው አንድ ጨምሮ 4 አደረገው። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር 4 ማለት አምስተኛው ሰው ነው። እሱ ደግሞ 7 ትዕዛዝ ነበረው፤ አንድ ሲጨመር 8፣ በቃ፣ ዝርዝሩ አለቀ። የትዕዛዞቹ ቁጥር ትንሽ ቢለይ ኖሮ ሉፑ ማለቂያ አጥቶ ብሮውዘሩ ይደርቅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያ ይሻል ነበር፤ መበላሸቱ ወዲያው ይታወቃል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 ወዲህ «ሌት» የሚባል አለ፤ በቅንፉ ውስጥ ይቀመጣል። «ቫር»ን በእሱ ቀየርኩ። ያ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ እኔ ግን ስሞቹንም ለየሁ፦ አንዱን «ከስተመር ኢንዴክስ»፣ ሌላውን «ኦርደር ኢንዴክስ»።

ስደርስ መኪኖቹ መጫን ጀምረዋል። ለጋሼ ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁ።

«ሞክሼ ናቸዋ! እኛም ሁለት ሞክሼ ጫኞች አሉን። ስም ብቻ ከጠራሁ ሁለቱም ይመጣሉ። ስለዚህ ከነአባታቸው ነው የምጠራቸው።»

ቡና አስመጡልኝ። ትንሽ ቆይተው፣ «ቆይ ግን» አሉኝ፣ «ስትሞክረው በስንት ደንበኛ ነበር?»

ቡናው ያቃጥላል። ቢሆንም ቶሎ ቶሎ ጠጣሁት።