ያልጠፋችው ካቻቪቴ

እሑድ ማታ ነው። ነገ የሥልጠና ደብተሬን አስፈርማለሁ። ጀርመን አገር በፋብሪካ ሙያ የሚሠለጥን ሰው ሁሉ በየሳምንቱ የሠራውን በደብተር መዝግቦ አሠልጣኙን የማስፈረም ግዴታ አለበት፤ ደብተሩ ያልተሟላ ሰው ለመጨረሻው ፈተና አይቀርብም። የእኔ ደብተር የዚህን ሳምንት ሥራ እንዲህ ይለዋል፦ «የአሉሚኒየም ሉህ መብሳት፣ የቀዳዳ ጠርዝ ማጽዳት፣ በሪቬት ማያያዝ። የመሣሪያ ቆጠራ።»

በመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ውስጥ ያለውን ጉድ እዚህ ልጻፈው።

የምሠለጥንበት የአውሮፕላን ፋብሪካ ሀምቡርግ ውስጥ ፊንከንቨርደር በሚባለው ሰፈር፣ ከኤልቤ ወንዝ ማዶ ነው። ጠዋት ጠዋት በጀልባ እሻገራለሁ። የምሳፈርበት ቦታ ስሙ ቶይፌልስብሩክ ነው፤ ሲተረጎም የሰይጣን ድልድይ። ለእናቴ በስልክ ስነግራት አማተበች፤ ከዚያ ወዲህ «ዛሬም በዚያው ነው የሄድከው?» ሳትል ስልኩን አትዘጋም። አንዳንድ ቀን ቤሉጋ የሚባለው ዓሣ ነባሪ መሳይ የጭነት አውሮፕላን የተገጣጠመ የአውሮፕላን አካል ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ወዳለችው ቱሉዝ ሲነሣ ከጀልባው ላይ አየዋለሁ። እዚህ ከሚሠሩት መካከል ኤ350 የሚባለው የመንገደኞች አውሮፕላን የኋላ አካል ይገኝበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፈረንጆቹ 2016 ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ይህንኑ ዓይነት ነው። እናቴ ሰይጣኑን የምትረሳው ይህን ስነግራት ብቻ ነው።

አውሮፕላን እሠራለሁ ብዬ የመጣሁት ሰው ግን ከሦስት ዓመት ተኩሉ ሥልጠና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብረት ስሞርድ ነው ያሳለፍኩት። ሞርሳ ላይ የታሰረ ብረት፣ አንድ ሞረድ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። የሞረድኩትን ጎን ጠርዙ እንደ ቢላ የሳሳ የብረት ማስመሪያ አስደግፌ ወደ መስኮቱ አነሣዋለሁ፤ በመካከላቸው ብርሃን ከሾለከ ሥራው ገና ነው። ሁልጊዜ ይሾልካል። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ማሽን በአንድ ደቂቃ የሚያስተካክለውን በእጅ ማስለፋት ቂልነት መስሎኝ ነበር፤ አሁንም በከፊል ይመስለኛል። ቢሆንም በሦስተኛው ሳምንት ዓይኔ ያላየውን ጉብታ ጣቴ ማወቅ ጀመረ።

ለመሣሪያ እንግዳ አልነበርኩም። ያደግኩት ሳሪስ፣ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፤ ጣሊያን ትቶልን የሄደውን ስም ሁሉ ይዤ መጥቼ እዚህ በጀርመንኛ እንደ አዲስ ተማርኩት። ከጋራዡ ይዤ የመጣሁት ግን ስም ብቻ አልነበረም። አጎቴ ሞተር ገጥሞ ሲጨርስ አንድ ሁለት ብሎን መሬት ላይ ይቀራል። «ትርፍ ነው» ይልና ቆርቆሮ ውስጥ ይጥለዋል። መኪናውም ይነሣል! የመሣሪያ ነገርም እንዲሁ ነበር። «ጣልኩት» የሚል ሰው የለም፤ «ጠፋ» ነው የሚባለው፣ ግፋ ቢል «ጠፋብኝ»፤ ዕቃው በራሱ እግር ተነሥቶ የሄደ ይመስል። ጣልኩት ያለ ከደመወዙ ይቆረጥበታላ።

እዚህ እያንዳንዱ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ በቅርጹ ልክ የተቆረጠ ቦታ አለው። አንዱ ከጎደለ ቦታው አፉን ከፍቶ ያሳብቃል። ቆጠራው ካልሞላ ማንም አይወጣም። አውሮፕላን ውስጥ የተረሳ መሣሪያ በበረራ ላይ ተንከባሎ ሽቦ ሊልጥ፣ የመሪ ክፍሎችን ሊቀረቅር ይችላል፤ ስለዚህ ገና በልምምድ ክፍል፣ አውሮፕላን አጠገብ ሳንደርስ ያስለምዱናል።

ረቡዕ ማታ ከእኔ ሳጥን አንዲት አጭር ካቻቪቴ ጎደለች። አሥራ ሁለት ሠልጣኞች በጉልበታችን ተንበርክከን ፈለግን፤ ጠረጴዛ ሥር፣ መጥረጊያው ውስጥ፣ የብረት ብናኝ በሚጣልበት ባልዲ ውስጥ። ጀልባው ሄደ። ተከታዩም ሄደ። በዚህ መካከል ጎንበስ ስል ከቱታዬ የጭን ኪስ አንድ ነገር ወጋኝ።

ቀና ብዬ «እኔ ጋ ናት» ማለት እችል ነበር፤ ጀርመንኛውም አልጠፋኝም። ግን አሥራ አንድ ሰው ተንበርክኳል። ካቻቪቴዋን ቀስ ብዬ አወጣሁና ከጠረጴዛዬ ሥር አንከባለልኳት። አጠገቤ የነበረው ልጅ አገኛት። ተጨበጨበለት።

አሠልጣኛችን ጡረታ የተቃረቡ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። ገና በመጀመሪያው ቀን «አንተ በሉኝ» ብለውናል። እኔም በአፌ አንተ እያልኩ በልቤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ያን ዕለት አልተቆጡም። ካቻቪቴዋ የተገኘችበትን ቦታ አዩ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጃቸው ዳበሱ፣ አንድ ነገር ጻፉና አሰናበቱን።

ሐሙስ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ፊት ትራፓኖ ይዘው ተንበርክከው አገኘኋቸው። መሣሪያ ተንከባሎ እንዳይወድቅ በጠርዙ ዙሪያ የአሉሚኒየም ከንፈር እየገጠሙ ነበር። ለክተው፣ ቆርጠው፣ ጫፉን እንኳ እጅ እንዳይቧጥጥ ሞርደውታል። ሰውየው ሌሊቱን ያሰቡበት ይመስላል። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር፤ አጎቴ ጋ ለምጄዋለሁ። ይህን ግን ቆሜ ማየት አቃተኝ።

«አልወደቀችም» አልኳቸው። «ኪሴ ውስጥ ነበረች። ወለሉ ላይ ያንከባለልኳት እኔ ነኝ።»

ትራፓኖውን አጠፉ። «ኪስህ ውስጥ መሆኗን ያወቅከው መቼ ነው?» አሉ እንጂ ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ነገርኳቸው። «እንግዲያው የኪስ ጉዳይ ነዋ» አሉና የማታውን ጽሑፍ ሰርዘው እንደገና ጻፉ። ለሌሎቹ ራሴ እንድነግራቸው አዘዙኝ። ከዚያ የቀሩትን ብሎኖች እንዳጠብቅ ያችኑ ካቻቪቴ ሰጡኝ፤ ከንፈሩን አላነሡትም። አሁን ከጠረጴዛዎቹ ሁሉ ከንፈር ያለው የእኔ ብቻ ነው።

ለልጆቹ ነገርኳቸው። አንዳንዱ ሳቀ። የተጨበጨበለት ልጅ እስከ ዓርብ ማታ አላናገረኝም።

ደብተሩ ላይ «የመሣሪያ ቆጠራ» ከሚለው ቀጥሎ ግማሽ መስመር ባዶ አለ። «ደበቅኩ» በጀርመንኛ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አጻጻፉን ግን ከመዝገበ ቃላት ላረጋግጥ።