ሳንቲምና ማስመሪያ

ትናንት ማታ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» አልበም እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ዶክመንተሪ አየን። አልበሙ የወጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። «መኒ» የሚለው ዘፈን መግቢያ ላይ ያለችውን የሳንቲም ኳኳታ ታውቋት የለ? የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሮጀር ዋተርስ ሚስቱ ሸክላ የምትሠራበት ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ሳንቲም እየወረወረ ነው የቀዳት። ከዛ ድምፆቹ ያሉበትን ቴፕ በማስመሪያ እየለኩ እኩል እኩል ቆረጡት፣ ሰባት ቁራጭ ለሰባት ምት፣ ከዛ ጫፍ ለጫፍ አጣብቀው እየዞረ እንዲጫወት አደረጉት። በማስመሪያ እኮ ነው! ትንሽ ከተዛነፈች ምቱ ገደል ገባ።

ወንድሜ ላፕቶፑ ላይ ቢት ይሠራል። «ይሄን እኔ በሁለት ክሊክ እጨርሰዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይጨርሰዋል። ግን ያቺን ቦታ ሦስቴ ወደ ኋላ እየመለሰ አያት።

ዛሬ ጠዋት ኳኳታ ቀሰቀሰኝ። ኩሽና ገብቶ ሳህን ላይ ባለ አንድ ብር ሳንቲም እየጣለ በስልኩ ይቀዳል።