ተረኛ የሌለው ዘበኛ

ባሕር ውስጥ እንደምገባ እናቴ ለሦስት ዓመት አታውቅም ነበር። ፎቶ ማንሳት እንደምወድ ነግሬያታለሁ። የት እንደማነሳ ግን ደብቄያታለሁ። ጅማ፣ በእኛ ሰፈር፣ ባሕር ሲባል ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ነው። በሊቢያ በኩል ወጥቶ የቀረ የጎረቤት ልጅ አለ። እናቱ ዛሬም እኛ ቤት ቡና ትጠጣለች። እሷ ባለችበት ስለ ባሕር አይወራም።

እኔ የሄድኩት በትምህርት ነው። ኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም ቀረሁ። አሁን የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ በማታ ፈረቃ። ከተማው ፊዮርድ ዳር ነው የተቆረቆረው። ፊዮርድ ማለት ባሕሩ በተራሮች መሀል ወደ የብስ ገብቶ የተኛበት ረጅም ሸለቆ ነው። ጠዋት ከሥራ ስወጣ ጠላቂዎች ሲሊንደራቸውን አዝለው ወደ ውሃው ሲወርዱ አያለሁ። ምን ሊያዩ እንደሚገቡ አልገባህ አለኝ። ልጅ ሆኜ አዌቱ ወንዝ ዳር መታየት እንኳ ያስገርፈኝ ነበር። ዋና የለመድኩት በ29 ዓመቴ ነው። ጠለቃውን የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ቀዝቃዛ ባሕር ባዶ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቼ ኖሯል። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቃት ውሃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። በጸደይ ፀሐይ ስትመለስ በዓይን የማይታዩ ተክሎች ውሃው ውስጥ ይፈላሉ፤ ከእነሱ ጀምሮ ሁሉም ይበላል። ከላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየው ውሃ ውስጡ ደን ነው። ከሰው ቁመት የሚበልጥ የባሕር አረም ከወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ግንዱ ላይ ኮከብ ዓሣ፣ የባሕር ጃርት፣ ሸርጣን ተለጥፏል። አበባ ነው ብለህ ስትጠጋ እጁን የሚሰበስብ እንስሳ አለ።

ሚያዝያ ላይ ውሃው 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃ የማያስገባ ልብስ ትለብሳለህ፤ ከሥር ወፍራም የሱፍ ልብስ አለ። ገላህ ይተርፋል። እጅ ግን አይተርፍም። አንድ ቀን ጓንቴ ውሃ አስገባና ከ20 ደቂቃ በኋላ ጣቴ የካሜራውን ቁልፍ መጫን አቃተው። ብርዱ የካሜራውን ባትሪም ቶሎ ይጨርሰዋል።

ፎቶው ራሱ ሌላ ትግል ነው። ውሃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀዩን ቀለም ነው። ትንሽ ሜትሮች እንደወረድክ ቀይ ነገር ሁሉ ቡናማ ወይም አመድማ ይሆናል። ቀለሙን የሚመልሰው ፍላሽ ነው። ፍላሹን ከካሜራው አጠገብ ካበራኸው ደግሞ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ሁሉ ያበራና ፎቶህ በረዶ የጣለበት ይመስላል። ስለዚህ ፍላሹን በረጅም ክንድ ወደ ጎን ታርቀዋለህ። ከዚያ ትጠጋለህ። በጣም ትጠጋለህ። ይህን ለማወቅ አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

ያን ዓሣ ያገኘሁት እንደዚያ ስጠጋ ነው። ኖርዌጂያኖች ወንዱን ሮግንካል፣ ሴቷን ሮግንሼክስ ይሏቸዋል። ድቡልቡል ነው፤ ቆዳው ኮረኮንች ነው። ሆዱ ላይ መጣበቂያ አለው፤ በእሱ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል። ሴቷ በጸደይ ወደ ዳር መጥታ እንቁላሏን ትጥልና ወደ ጥልቁ ትመለሳለች። ወንዱ ይቀራል። በዚያ ወቅት መልኩ ይቀላል፤ በፍላሽ ሳየው እንደበሰለ እሸት ቡና ነበር። እንቁላሎቹ ከዳጉሳ ትንሽ ከፍ የሚሉ ናቸው፤ በሺዎች ተጣብቀው ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ነበሩ። እሱ ፊታቸው ሆኖ ውሃ እየገፋ አየር ይሰጣቸዋል። ሸርጣን ሲመጣ ያባርራል። ይህ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። በአምስት ሳምንት ውስጥ አምስት ጊዜ ሄድኩ። አራቱን ጊዜ እዚያው ነበር።

ክረምት ላይ ጅማ ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራት ጠፍቷል። ቤቱን የሚያበራው ከሰሉና የእኔ ላፕቶፕ ነበር። የጎረቤታችን ሴት በዚያ ዝናብ አልመጣችም። ለእናቴ እውነቱን የነገርኳት ያን ማታ ነው። ጀበናውን ይዛ ቆመች። «ከስንት ነገር የሰወረህ አምላክ ራስህ ገብተህ ፈለግከው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፎቶውንም ዞር ብላ አላየችም።

ያዩት አባባ ናቸው። አባባ 22 ዓመት የቡና መጋዘን ዘበኛ ነበሩ፣ የሌሊት። ውሃ ውስጥ የሚኖር ነገር የሚያውቁት የቦዬን ጉማሬ ነው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ቀስ ብለው አዩ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«ይኼ ያው ነው?»

«ያው ነው፣ አባባ። ክንፉ ጫፉ ላይ ተቆርጧል፣ ይዩት።»

«ምንድነው የሚጠብቀው?»

አሳየኋቸው። ሸርጣኑንም አሳየኋቸው።

«ተረኛው ስንት ሰዓት ይመጣል?»

ተረኛ እንደሌለው ነገርኳቸው። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ብቻውን እንደሚቆም፣ ምግብም እምብዛም እንደማይቀምስ። አባባ ዝም አሉ። ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። እናቴ ይኼኔ ሲኒዎቹን ትታ መጥታ ከኋላቸው ቆመች።

«ከዚያስ?» አሉ አባባ።

አምስተኛውን ላሳያቸው አላሰብኩም ነበር። ድንጋይ ብቻ ነው። ዓሣውም እንቁላሉም የለም።

«እሱኑ አሳየኝ።»

ከፈትኩላቸው። ከሁሉም ፎቶ በላይ ያን ባዶ ድንጋይ ነው ረጅም ሰዓት ያዩት። በጣታቸው ስንጥቁን ነኩት።

«አስረክቦ ነው የሄደው» አሉ፣ ወደ እናቴ ዞረው።

እናቴ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ ወደ ቀይ ዓሣው እንድመልስላት ጠየቀችኝ።