«የመለኪያ ስህተት ይሆናል»

ልጅቷ አከርካሪዋ ወደ ጎን ጠምሞ (ስኮሊዮሲስ) መጀመሪያ ጥቅምት ላይ ስትመጣ 12 ዓመቷ ነበር። ካርዱ ላይ «22 ዲግሪ፣ ቀላል፣ ከዓመት በኋላ ትታይ» ተብሎ ተጽፏል። ፊርማው በደንብ ይነበባል። በዓመቱ ቀጠሮዋን ሳታዛንፍ መጣች፤ ቆማ ራጅ ተነሳች፣ ኮብ አንግሉ፣ ማለትም የጥመቱ ማዕዘን፣ ተለካ። 39።

ሬዚደንቱ ሁለቱን ራጆች መብራቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቅሎ ጥቂት ዝም አለና «የመለኪያ ስህተት ይሆናል» አለ።

የመለኪያ ስህተት የሚባል ነገር በእርግጥ አለ። አንዱን ራጅ ሁለት ሰው ሲለካው እስከ 5 ዲግሪ ሊለያይ ይችላል፤ በተለይ አንዱ ከላይ አምስተኛውን የደረት አከርካሪ፣ ሌላው ስድስተኛውን ከያዘ። ከ5 ዲግሪ በላይ ካልጨመረ «ባሰ» የማይባለውም ለዚህ ነው። ሲኒየሩ መልስ አልሰጠም። እርሳስና ማዕዘን መለኪያ አውጥቶ ሁለቱንም ራጅ በተመሳሳይ አከርካሪዎች ደግሞ ለካ። 22፣ 39። አሥራ ሰባት ዲግሪ የሚሳሳት እርሳስ የለም።

ከዚያ ወደ እናትየው ዞረ።

«እናት፣ ባለፈው ዓመት ምን ያህል አደገች?»

ይህን ከካርዱ ማንበብ ነበረበት፤ ካርዱ ላይ ግን ቁመት የለም። ክብደት አለ፣ የደም ግፊት አለ፣ የማትወስደው መድኃኒት ሳይቀር አለ። እናትየው ግን ልብስ ሰፊ ናቸው።

«ዶክተርዬ፣ የዩኒፎርሟን ቀሚስ መስከረም ላይ አራት ጣት ጠርዝ ትቼ አጠፍኩት፣ ጥር ላይ ለቀቅኩት። ሚያዝያ ላይ የሚለቀቅ ስላልቀረ ቅጥያ አስገባሁበት። ደግሞ በአንድ ጎን ወደ ላይ እየሸሸ ስላስቸገረኝ ጠርዙን አዘንብዬ ነው የምሰፋው። አምናም ተናግሬ ነበር። ‹እርስዎ ቀሚሱን ይስፉ፣ አጥንቱን ለእኛ ይተዉ› ተባልኩ።»

ማንም አልሳቀም።

«የወር አበባዋስ?»

«ነሐሴ ላይ አየች።»

የሴት ልጅ ቁመት እጅግ የሚፈጥነው የመጀመሪያው የወር አበባ ሊመጣ ከ6 እስከ 12 ወር ሲቀረው ነው፤ በዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትመዘዛለች። ከነሐሴ ወደ ኋላ ይቆጠር፤ «ከዓመት በኋላ ትታይ» የተባለላት ዓመት ያችው ዓመት ናት። የጀመረውን ጥመት የሚያብሰው ደግሞ እድገቱ ራሱ ነው። በጠመመ አከርካሪ ላይ ሸክሙ በጎደጎደው ጎን ይከማቻል፤ የተጫነው የአጥንት ማደጊያ ይዘገያል፣ ጫና ያልበዛበት ወገን ይቀድማል፤ አጥንቱም ዲስኩም እንደ ሽብልቅ በአንድ ጎን እየቀጠነ ይሄዳል፤ ይህ በተራው ጫናውን እዚያው ጎን ላይ ይጨምራል። አከርካሪው እየጠመመ ይዞራልም፤ ልጅ ጎንበስ ስትል በአንድ በኩል ጎድኗ ጉብ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። ቦርሳና አቀማመጥ ይህን አያመጡም፤ ልጆች ግን በዚሁ ሲቆጡ ይኖራሉ።

ሎንስታይንና ካርልሰን በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት የ727 ልጆች ክትትል፣ ከ20 እስከ 29 ዲግሪ የነበረ ጥመት ሪሰር፣ ማለትም አጥንቱ ምን ያህል እንደበሰለ የሚያሳየው ደረጃ፣ 0 ወይም 1 ላይ ከተገኘ 68 በመቶው ብሷል፤ ያው ጥመት ሪሰር 2 እስከ 4 ላይ ሲሆን 23 በመቶው ነው። የወር አበባ ካየች ሦስት ዓመት ያለፋት የ16 ዓመት ልጅ ላይ 22 ዲግሪ እንቅልፍ አይነሳም። እዚህች ላይ ግን ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ዳግመኛ መታየት ነበረባት፤ 25 ስታልፍ ብሬስ፣ ማለትም ጥመቱ እንዳይብስ የሚለበስ ማቀፊያ፣ ይታዘዝ ነበር።

ሪሰርን ለማወቅ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በዳሌ አጥንት የላይኛው ጠርዝ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚሄደውን አዲስ አጥንት ማየት ነው። የመጀመሪያው ራጅ ላይ ዳሌው ሙሉ በሙሉ ይታያል። ጠርዙ ባዶ ነው፤ የዳሌ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ባለ ሦስት ቅርንጫፍ ልም አጥንትም ገና አልተዘጋም። ሪሰር 0፤ ሩጫው ገና ነው ማለት ነው። ፊልሙ ይህን ሁሉ ይዞ ነበር፤ ያየው ሰው 22ን ለክቶ አወረደው። እኚሁ ሰው ዛሬ ስለ ታካሚ ክትትል ሥልጠና ይሰጣሉ፤ ጎበዝ አስተማሪ ናቸው ይባላል።

39 ላይ ብሬስ ዘግይቷል፣ ግን ከመተው ይሻላል። እድገቷ ሲቆም ከ50 በላይ ከሆነች ከዚያ በኋላም በዓመት 1 ዲግሪ ያህል እየጨመረ ሊቀጥል ይችላል፤ ከ30 በታች ከቀረች ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቆማል። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ላይ ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው፣ ካላደረጉት ደግሞ 48 በመቶው 50 ዲግሪ ሳይደርሱ እድገታቸውን ጨርሰዋል፤ በቀን ከ13 ሰዓት ያላነሰ የለበሱት ውጤታቸው ከሁሉም የተሻለ ነበር። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ከብሬሱ ሥር የሚለበሰው ካናቴራ የጎን ስፌት ካለው ወይም ከተጨማደደ ቆዳ ይልጣል፤ ቆዳዋ የተላጠ ልጅ ደግሞ ብሬሱን ታወልቃለች። እናትየው ይህን ሲሰሙ ስፌቱ ወደ ውጭ የዞረ ካናቴራ ሰፉ፤ አሁን ለሌሎች ልጆችም ይሰፋሉ።

ካርዱ ላይም «ቁመት፣ የወር አበባ፣ ሪሰር» የሚል ማኅተም መመታት ጀምሯል። ማኅተሙ ሁልጊዜ ይመታል፤ ሲሞላም ይታያል።

ልጅቷ ከስድስት ወር በኋላ ስትለካ 41 ሆነች። ይህቺ ሁለት ዲግሪ የመለኪያ ስህተት ልትሆን ትችላለች።