ፕላኑ አጥሩ ጋ ያልቃል

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ፣ እኛ ቀበሌ በከተማው አዲስ ፕላን ላይ ስብሰባ ነበር። ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ተኩል ላይ ተጀመረ፣ ይሄ እንኳን ዜና አይደለም። ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ካርታ አለ። ቢጫው መኖሪያ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ። እኛ ሰፈር ጥግ ላይ ድሮ ያልነበረ ሐምራዊ ነገር ጠብ ብሏል። ሥሩ ላይ "ማምረቻና መጋዘን" ይላል።

አንድ አዛውንት ጎረቤታችን መነጽራቸውን አውልቀው አፍንጫቸው ካርታውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። "ልጄ፣ ይቺ መስመር እንሰቴን ትነካለች?" አሉኝ። እኔ ምን አውቄ! ካርታውን ይዞ የመጣውን ባለሙያ ጠየቅነው። "በስኬሉ ምክንያት እዚህ ላይ አይታይም አባባ" አለ። አባባ ስኬል ምን እንደሆነ በሲዳሙ አፎ የሚያስረዳቸው ሰው ተፈለገ፣ ሲያስረዷቸውም ዝም ብለው ሄደው ተቀመጡ። የእንሰት ጓሮው ግን ከእሳቸው ዕድሜ ብዙም አያንስም ይባላል።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ የፋብሪካ ጠላት አይደለሁም። እንደውም የኢንዱስትሪ ፓርኩን እንጀራ በልቻለሁ ብል ይቀላል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ9 ወር ተገንብቶ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ከተማው በሙሉ የወሬው ርዕስ እሱ ነበር። 52 ሼድ፣ ወደ ፊት 60 ሺህ ሠራተኛ። እናቴ ይሄን ስትሰማ የዕቁብ ብሯን አውጥታ ጓሮ አምስት ሰርቪስ ክፍል ሠራች። የሠራችው እሷ ብቻ አይደለችም፣ ሰፈሩ በሙሉ ነው። ቆርቆሮና ጭቃ የሚችል ሁሉ አከራይ ሆነ።

ልጆቹ መጡ። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታ፣ ከየገጠሩ። አብዛኞቹ ገና 20 ያልሞላቸው ሴቶች። የመነሻ ደመወዛቸው ያኔ ሺህ ብር አይሞላም ነበር፣ ስለዚህ አንድ ክፍል አራት ሆነው ይገባሉ። አልጋ አያስገባም። ፍራሹን ሌሊት ይዘረጉታል፣ ጠዋት ጠቅልለው ግድግዳ ያስደግፉታል። የጠዋት ፈረቃ ያላቸው በጨለማ ተነስተው ሰርቪስ ለመያዝ ይሮጣሉ፣ የማታዎቹ ሲገቡ ደግሞ ውሻችን ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። በአምስት ክፍል 19 ልጅ የነበረበት ጊዜ ነበር። እኔ ስማቸውን መያዝ አቅቶኝ "የሦስተኛዋ ክፍል" እያልኩ እጠራቸው ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ችግሩ ሽንት ቤቱ ላይ ነው የመጣው። ጉድጓዳችን የተቆፈረው ለአምስት ቤተሰብ አባል ነው። በ24 ሰው ስንት ይቆይ? ሞላ። መጣጭ መኪና ተጠራ፣ ወረፋ ተባለ፣ ሳምንት ቆየ። እኛ ሰፈር የፍሳሽ መስመር የሚባል ነገር የለም። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ያ ሁሉ የጓሮ ጉድጓድ ሲሞላ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ወደ ታች ነው። ታች ያለው ደግሞ ሐይቁ ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ይገባበታል፣ የዝናብ ጎርፍም ይገባበታል፣ ከእሱ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው ይተናል፣ የገባው ቆሻሻ ግን አብሮ አይተንም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ሄዳችሁ ቆሮሶ ዓሣ የምትበሉ ሰዎች ይሄን አስቡት፤ እኔም እበላለሁ፣ አቁሙ ማለቴ አይደለም።

እዚህ ላይ ፓርኩን ላመስግነው። ዕቅዱ ውስጥ ገና ከመጀመሪያው የራሱ የፍሳሽ ማጣሪያ ነበረው፣ ዜሮ ሊኩዊድ ዲስቻርጅ የሚሉት፣ ማለትም የፋብሪካው ውሃ ተጣርቶ ተመልሶ ፋብሪካ ይገባል እንጂ ወደ ሐይቁ አይለቀቅም የተባለለት። ጥሩ ሐሳብ ነው። ለውሃው እንዲህ ተጨነቁ። ውሃውን ለሚጠቀመው ሰው ማደሪያስ? ያ ለእናቴ ተተወ። ለእሷና ለዕቁቧ። አጥሩ ውስጥ ሁሉ ነገር በሴንቲሜትር ተለክቷል፣ ከአጥሩ ውጪ ያለው ግን "ገበያው ያስተካክለዋል" ነው።

ገበያውም አስተካከለው፣ በራሱ መንገድ። በ2014 ጦርነቱ ሲብስና አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ ከአጎዋ ስታወጣን ሥራ ቀነሰ፣ ልጆቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደየመጡበት ሄዱ። ሦስት ክፍላችን ለወራት ባዶ ነበር። እናቴ ዕዳ ላይ ነበረች። ስንት ሰው ይመጣል ብሎ ያወራው ሁሉ ያኔ የት እንደገባ እንጃ።

እና አሁን ይሄ ሐምራዊ ጠብታ። ይሄኛው ትልቅ ፓርክ አይደለም፣ የተበታተኑ ትንንሽ ማምረቻዎች ናቸው። ትንሽ ሲባል ሰው ይረጋጋል፣ እኔ ግን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ትልቁ ፓርክ የጋራ ማጣሪያ አለው። ትንሹ ሳሙና አምራች፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ቀለም የሚበጠብጠው ምን አለው? ስብሰባው ላይ አንድ መምህር የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተሠርቶ እንደሆነ ጠየቀ። "እያንዳንዱ ባለሀብት ሲመጣ ያሠራል" ተባለ። እንግዲህ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፣ ያልፋል። ሃያው አንድ ላይ ሲደመሩ ማን ነው የሚገመግመው? ይሄን ስጠይቅ "ጥያቄው ተመዝግቧል" አሉኝ። ጸሐፊዋ ግን እስክሪብቶዋን አላነሳችም፤ አጠገቧ ነበርኩ፣ አይቻለሁ።

ቤት ስገባ ሕግ የምትማር የአክስቴን ልጅ ደወልኩላት። አዋጆቹን በቴሌግራም ላከችልኝ። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000፣ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበት ይላል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው 299/1995፣ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ይሁንና አስተያየት ይሰብሰብ ይላል። መሬት ሲወሰድ የሚከፈለውን ካሳ የሚመለከተው 1161/2011 ደግሞ የሚነሱ ሰዎችን ቀድሞ ማወያየት ግዴታ ነው ይላል። እኛ ግን የተጠራነው አስተያየት እንድንሰጥ ነው ወይስ ተወያይተዋል ተብሎ እንድንፈርም? የፈረምነው ወረቀት ላይ ርዕስ አልነበረውም። ቀን፣ ስም፣ ፊርማ ብቻ። 61ኛ ነበርኩ።

ትናንት ማታ ከአባባ ጋር በር ላይ ቆመን ስናወራ ከፕላኑ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ባለሙያው ካርታውን ይዞ እዚህ ድረስ ይምጣ፣ ካስማ ይቸክልና መስመሩ የሚያልፍበትን ያሳያቸው። ጥያቄያቸውን በእሳቸው ስም ጻፍኩላቸው፣ ሁለት ገጽ ሆነ፣ እሳቸው አንዷን ሰረዙና በአንድ ገጽ ጨረስነው። የእኔ ጥያቄ ለብቻው ነው፦ ከሐምራዊው ጎን የሠራተኛ ማደሪያና የፍሳሽ መስመር የት ላይ ተቀባ? ሰኞ ጠዋት ሁለቱንም እናስገባለን፣ ኮፒው ላይ ማህተም ሳያርፍ ንቅንቅ አንልም ተባብለናል። እናቴ ደግሞ ሐምራዊው መምጣቱ ካልቀረ ስድስተኛ ክፍል ብትጨምር ምን እንደሚመስለኝ ጠይቃኛለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።