ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?

ትናንት ማታ በጥናታችን ላይ ያነበብነው ኢሳይያስ 53ን፣ መከራ ስለሚቀበለው የእግዚአብሔር ባሪያ የሚናገረውን ምዕራፍ ነበር። ምዕራፉን በቃሌ ስለማውቀው ብዙም አልተዘጋጀሁም፤ ያጋለጠኝም ይኸው ነው። «እርሱ ግን ስለ መተላለፋችን ቈሰለ፥ ስለ በደላችንም ደቀቀ» የሚለውን አንብቤ ስለ መስቀሉ መናገር ስጀምር፣ ከሁላችን በዕድሜ የምታንሰው ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ገና ያልሆነ ነገር ከሆነ ለምን ‹ይቈስላል› አላለም? ደግሞ 49ኛው ምዕራፍ ላይ ባሪያውን ‹እስራኤል› ብሎት የለም እንዴ?»

ነቢያት የሚመጣውን እንዳለፈ አድርገው ይናገራሉ ብዬ አለፍሁት። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ አመላለሴ ግን በር እንደ መዝጋት ነበር። የጥያቄዋን ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ አልነካሁትም። ልጅቷም ዳግመኛ አልተናገረችም።

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ገለጥሁ። ልክ ናት። በ49፥3 ባሪያው እስራኤል ነው፤ በ41፥8ም እንዲሁ። አይሁድ ባሪያው ሕዝባችን ነው ሲሉ እልኸኝነት ይመስለኝ ነበር። እነርሱ ግን መጽሐፉን ከመነሻው ተከትለው ነው የሚመጡት፤ እኛ ከቀራንዮ ተነሥተን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ንባባቸውም የቆየ ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት ክርስቲያኑ ሊቅ ኦሪጀን ከአይሁድ ሊቃውንት ጋር ሲከራከር፣ ባሪያው በአሕዛብ መካከል የተበተነው ሕዝብ ነው ብለው እንደ መለሱለት ጽፏል። የአይሁድ መምህራን ትምህርት በተሰበሰበበት በታልሙድ ውስጥ ደግሞ የመሲሑ ስም ሲነሣ ከዚሁ ምዕራፍ «ደዌያችንን ተቀበለ» የሚለውን ቃል የሚጠቅሱ ረቢዎች አሉ። አይሁድ ሁሉ አንድ ዓይነት አንብበዋል የሚለው ወሬም እንግዲህ እዚህ ላይ ያበቃል።

እስከ እኩለ ሌሊት ያቆየኝ ግን «እኛ» የምትለው ቃል ናት። «እኛ ግን እንደ ተመታ በእግዚአብሔርም እንደ ተቀሠፈ እንደ ተቸገረም ቈጠርነው።» ማን ነው ተናጋሪው? በ11ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይ የኖረው የአይሁድ ሊቅ ራሺ ሲተረጉመው ተናጋሪዎቹ አሕዛብ ናቸው። በ52፥15 አፋቸውን የሚዘጉት ነገሥታት፣ እስራኤል በገዛ ኃጢአቱ የተቀጣ መስሎን ነበር፣ ለካስ መከራው የእኛ ኖሯል ይላሉ። ራሺ በወጣትነቱ የተማረው በጀርመን ከተሞች በማይንስና በቮርምስ ነው። በ1096፣ እርሱ ገና በሕይወት ሳለ፣ በልብሳቸው ላይ መስቀል የሰፉ የመስቀል ጦረኞች የእነዚያን ከተሞች አይሁድ ፈጁአቸው። ይህን ምዕራፍ ልክ እንደ እኔ ስለ ክርስቶስ የሚሰሙት ሰዎች። እዚህ ስደርስ ተነሥቼ በክፍሉ ውስጥ ተመላለስሁ። የራሺን ንባብ ብይዝም የእኔን ብይዝም «እኛ» በሚለው ውስጥ የምቆመው ከተሳሳቱት ጋር ነው።

እምነቴን አልለወጥሁም። 49ኛው ምዕራፍ ራሱ ባሪያውን እስራኤል ብሎ ጠርቶት፣ ሁለት ቁጥር ዝቅ ብሎ ያዕቆብን እንዲመልስ ይልከዋል፤ ሕዝቡ ራሱን ወደ ራሱ እንዴት ይላካል? በ53፥8ም «ስለ ሕዝቤ ኃጢአት» የሚመታው ከሕዝቡ ተለይቶ የቆመ ይመስላል። ሕዝቡን በትከሻው የተሸከመ አንድ ሰው ይታየኛል። ኢየሱስም በመጨረሻዋ ሌሊት ከዚሁ ምዕራፍ «ከዓመፀኞች ጋር ተቈጠረ» የሚለውን ስለ ራሱ ጠቅሷል።

ማስረጃ የምንለው ሁሉ ግን እኩል አይመዝንም። ለምሳሌ የመዝሙር 22ን «እጆቼንና እግሮቼን ቸነከሩኝ» ለክርክር ማንሣት ከተውሁ ቆየሁ። የተለመደው የዕብራይስጥ ንባብ በዚያ ስፍራ «እንደ አንበሳ» ይላል። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ ዮድ የምትባለው የዕብራይስጥ ፊደል ጭራዋ ረዘም ሲል ዋው የምትባለውን ፊደል ትመስላለች። ወንጌላውያንም ከዚሁ መዝሙር ልብስ መከፋፈሉን ሲጠቅሱ ይህችን ቁጥር አልጠቀሷትም።

ከመተኛቴ በፊት የሐዋርያት ሥራ 8ን አየሁ። ጃንደረባው የሚያነበው ይህንኑ ምዕራፍ ነው፤ «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?» ይላል። ልጅቷ ከዚህ የተለየ ምን ጠየቀች? ፊልጶስ ሠረገላው ላይ ወጥቶ ከጎኑ ተቀመጠ። እኔ ግን ቆሜ፣ መጽሐፉን በእጄ እንደ ያዝሁ ነበር የመለስሁላት።

የሚመጣው ሳምንት 41ኛውን ምዕራፍ እንድታነብልን እጠይቃታለሁ። ከዚያ ተነሥተን ቀስ እያልን እንሄዳለን፤ 53 ላይ ለመድረስ ሁለት ወር ሳይፈጅብን አይቀርም።